የረጋ ውሃ

ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ኡትሬክት ተኝታ፣
በቦዩ ጭጋግ ውስጥ መብራቷን አጥፍታ፤
እኔ ሦስተኛ ፎቅ፥ ጓንቴን አጥልቄ፣
ምግብ እቀይራለሁ፥ ትንፋሼን አምቄ።

ሣህኑ ላይ ስም የለም፤ አርባ ስድስት ይላል፤
ባለቤቱን ግን ዓይኔ ከሩቅ ይለየዋል፦
አርባ ዓመት ተንበርክኮ ወለል ያለበሰ፣
በሰው ሳሎን ሴራሚክ ላይ ጉልበቱን የጨረሰ፣
ቫውተር ነው፤ ባለፈው ደረጃው ላይ ቆሞ
«እዚያ ውስጥ ነኝ አሉ» ያለኝ ተገርሞ።

ያ ለስላሳ አጥንት፥ የመገጣጠሚያው ትራስ፣
ደም አይጎበኘውም፤ ነርቭም እሱ ጋ አይደርስ፤
ሲቆስል አያለቅስ፥ ሲያልቅ አይናገር፣
ዝም ብሎ ይሳሳል እንደ አሮጌ ሸማ ድር።

ስለዚህ ውሃ አረጋሁ፤ እርጎ መሳይ ገላ፣
ከዘጠና እጅ በላይ ውሃ ነው፥ ትንሽ ነው ሌላው ሌላ፤
ጥቂት የፕሮቲን ቃል በውስጡ ሰፍቼ፣
ግንደ ሕዋሶቹን በመሐል ዘርቼ።
ባጠነክረው፥ «አጥንት ሁኑ» ያልኩ ይመስላቸዋል፤
ባላላው፥ ማን እንደሆኑ ይጠፋቸዋል፤
ልኩ እንደ ክራር ጅማት በጆሮ ነው የሚገኝ፤
ሦስት ጊዜ ሳትኩት።
አራተኛው ሰማኝ።

ዛሬ አንዷን ቆርጬ ቀለም ብነክራት
ሰማያዊ ወጣች።
ምስር ታክላለች፤
ሰው ቀርቶ ፍየል እንኳ ገና አልቆመባት።

እኛ ጉልበት ስንል መታጠፊያም ነው፥ ኃይልም፤
ደች ሁለት ቃል አለው፤ ለቫውተር አልነገርኩትም።

ሊነጋ ሲል በሩን ዘግቼ ደረጃውን ስወርድ
ግራ ጉልበቴ ቀጭ አለ።
ቆሜ አዳመጥኩት።