ከኳሷ በታች

ሥራህ ምን ነበረ ብሎ ለሚጠይቅ፣
ብትር መያዝ ነበር፤ ክንድ ሳይዝል፣ ሳይወድቅ።
የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ ኳስ አለች፣
በእስክሪብቶ ዓይን ተስሎላት ታያለች።

«ይቺ ኳስ ጉማሬ ናት» አለን አዱኛ፣
እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚተኛ፤
«የቦዬ ግልገል ናት፤ ቱሌ ትባላለች፣
አካሏ ገና ነው፤ ክረምት ትሣላለች።»

ረውዳ ስምንት ዓመቷ፣ ከጊንጆ የመጣች፣
የፊት ጥርሷን ቀረጻው በገባ ቀን ያጣች፣
ቀና ብላ አየቻት፤ ኳሷን፣ ኳሷን ብቻ፣
እንደ ጓደኛዋ፣ እንደ ዕድሜ አቻ።
«ራበሽ?» ትላታለች፤ እኔ ነኝ የራበኝ።
«በረደሽ?» ትላለች፤ ካፊያው እኔን መታኝ።
የቱሌን መልስ ኋላ ሌላ ሰው ነው የሚሞላው፣
በሆዴ ግን እኔ ነኝ ቀድሜ የምመልሰው።

አረንጓዴ ጓንት፣ አረንጓዴ ሹራብ፣ አረንጓዴ ጭምብል።
የሂርማታ ሴቶች ከቲማቲማቸው ቀና ብለው
«ቃሪያው ሰውዬ መጣ!» አሉ። እኔም ሣቅሁ።
ማሽኑ አረንጓዴ ሲያይ ያጠፋል ተብሏል፤
ሰው ይጠፋል፣ በቦታው ጉማሬ ይተካል።
ግን ጅማ ነው ይሄ!
ማሽኑ ከታዘዘው አልቀነሰ፣ አልጨመረ፤
እኔን ሲያጠፋ የጅሬንን ኮረብታ አብሮ ሰወረ።
የሙዙ ቅጠል ሄደ፣ እንሰቱ፣ የግቢው ሣር፣
ረውዳ ብቻዋን ቀረች በነጭ ባዶ አየር፤
የተማሪ ሹራቧ ሳይቀር ተቦርቡሮ
በደረቷ አልፎ ታየ ያልተሣለ ጓሮ።
አዱኛ ጭንቅላቱን ያዘ። ዳይሬክተሯ ዙልፋ፣
«እንግዲህ ከተማውን አረንጓዴ አትሁን አንለው» አለች፣
መርካቶ ወርዳ ስምንት ሜትር ሐምራዊ ጨርቅ ገዝታ መጣች።
ከዚያ ቀን ጀምሮ
ከቃሪያነት ወደ ሽንኩርትነት ተዛወርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መንደራ፣ የጎረቤት ሳሎን፣
አሥራ አንድ ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ።
ቱሌ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ባጃጁ በአንድ ጎኑ አዘነበለ።
(ያዘነበልኩት እኔ ነኝ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተጣጥፌ።)
ልጆቹ በሣቅ ወደቁ።
«ሚፍታ፣ አንተስ የታለህ?»
ምን እላለሁ? አንገቷ ውስጥ። በትንፋሿ በኩል።
አራተኛው ክፍል ላይ ብቻ፣ አዌቱ ድልድዩ ጋ፣
አዱኛ ደክሞት ነው፣ መብራት ሄዶበት ሊነጋ ሲል፣
ከግራ ጆሮዋ ሥር አውራ ጣቴን ረሳ።
ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ያየም ሰው አላነሣ።
እኔ ግን በደገሙት ቁጥር ያቺን ጣት እጠብቃለሁ፣
መናኸሪያ ዘመድ እንዳየ ሰው ብድግ እላለሁ።

ቱሌ ዛሬም ግልገል ናት።
ቀለም ጉልበቱን አያመውም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሆስፒታል፣ የደም ምርመራ፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት።
ነጭ ጋዋን፣ ሻሽ፣ ደረቷ ላይ ስም፦ ረውዳ አባመጫ።
አላወቀችኝም። እንዴትስ ታውቀኛለች?
አሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየችው
ከእኔ አንድ ክንድ በላይ ነበር።
«እጅዎን ይዘርጉ። ይጨብጡ» አለች።
ጨበጥኩ። የለመደ እጅ ነው፤ ባዶውን ጨበጠ።
ዓይኖቿ ወረዱ፣ ጡጫዬ ላይ አረፉ፣
ደም ሥር ፈለጉ፣ ቆዩ።
«ቁርስ አልበሉም አይደል?»
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«አልበላሁም» አልኳት፣ በድምፅ፣
«ርቦኛል።»