አካሉ ይኑርህ

ደብረ ብርሃን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
ውርጩ ከባለጉዳይ ቀድሞ ወረፋ ይዞ ሲያድር፣
ማመልከቻ ጻፊ ነኝ እኔ፤ ሠላሳ ዓመት፣ አንድ ወንበር።
መኪናዬ አርጅታለች፤ «ጸ» ከነዘሯ ወልቃለች፤
«ነጻ» ባልኩ ቁጥር ክፍት ትታልኝ ታልፋለች፣
ኋላ በእስክሪብቶ ትሞላለች።

የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ ሕግ ይማራል፤ በዕረፍቱ
መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ላቲን ጭኖ ባንደበቱ፦
«አሊባይ ማለት ‹ሌላ ቦታ› ነው፤ ነበርኩ ባይ ከወንዝ ማዶ፤
ሰበር የምንለው ችሎትም፣ ስሙ ከፈረንጅ ተወልዶ፣
ሥሩ ላቲን ነው፤ መነቅነቅ፣ መስበር፤ የቆመ ፍርድ ተንዶ።»

እኔ ልሸነፍ? የቅኔ ቤት ቆይታዬን አስታውሼ፣
«ፍትሕ በግዕዝ መፍታት ነው» እላለሁ፣ መነጽሬን አብሼ፤
«ይግባኝ ጩኸት ነው፤ ‹ቃሌ ይግባ› ያለ ሰው፣ ከደጅ ቆሞ፤
ይርጋም የደፈረሰ ውሃ ነው፤ ይጠልላል ከርሞ።»

እንዲህ እንደ ቃል ነጋዴ፣ ሥር ለሥር ስንጓተት፣
ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ደረሱ፣ ከመዘዞ ተነሥተው ሌሊት።
ባናቸው ርሷል። ሳይቀመጡ፦
«ልጄ ወንድይፍራው ከተያዘ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤
ጣቢያው ‹የለም› ይለኛል፤ ስንቁን ግን ማነው የሚበላው?»

ኢዮስያስ ብድግ አለ፤ ዓይኑ በራ፦
«ለዚህማ ቃል አለ፣ እናቴ! የከበረ፣ ባለ ዝና፤
ሀቤያስ ኮርፐስ! ‹አካሉ ይኑርህ› ነው ሲፈታ፣
አሳሪን ዳኛ ፊት የሚያቆም የጥንት አቤቱታ።»

ዝም አሉ። ባናቸውን ሰበሰቡ።
«አካሉን?
አካሉንማ ለቀብርም ይሰጣሉ።
ያ አገር ምነው ነፍስን ረሳ? አካል ብቻውን ምን ሊረባኝ?
እየተነፈሰ ይምጣ በልልኝ፤ እየተቆጣኝ፣ እየተራበብኝ።»

ላቲኑ ልጁ አፍ ውስጥ ቀረ፤
እኔም ግዕዜን ዋጥኩ።

ወረቀት አስገባሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።
«ጉዳዩ፦ አካልን ነ…»
ከ«ነ» ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
ጣታቸው ቀስ ብሎ መጣ፣ ክፍተቱን ሊዳስስ።
«እዚህ ምን ይገባል?»
«አንድ ፊደል» አልኩ።

አራት ቅጂ ነበር፤ ካርቦኑ ነትቧል።
የመጨረሻው ለጣቢያው ነው።
እስክሪብቶዬን ተጭኜ ጻፍኳት፣
እስከ ታች እንድትደርስ።