ሁለት እርሳስ

ሣጥንህን ከፈትኩት፣ እናቴ እያየች፣
ሻይዋን አቀዝቅዛ፣ ምንም ሳትናገር እንደተቀመጠች።
ላዩ ላይ መንጠቆ፣ ሥሩ የጎማ ትል፣
ሰንጢህ ላይ የደረቀ ቅርፊት እንደ ሳንቲም ያበራል።
ከጥጉ ሁለት እርሳስ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ባልና ሚስት፦
አንዱ በእጅህ ያቀለጥከው፣ ክር የሚያሰጥም ብረት፣
ሌላኛው ቀይ፣ ጫፉ የተበላ፣ በአርባ ዓመት እርማት።
እናቴ «ቆይ» አለች፣ ቀዩን አንስታ አሸተተች፤
«ዓሣ ይሸታል» ብላ መልሳ አስቀመጠች።

በሃውኪላክሲ፣ ጥዱ ሐይቁን በከበበበት፣
ሒሳብ ታስተምር ነበር፣ በዚያ ቢጫ የእንጨት ትምህርት ቤት።
ማካፈል የጠፋው ልጅ፣ ዕንባ ያቀረረ ዓይኑ፣
ቅዳሜ ካንተ ጋር ነው፣ ከሐይቁ ላይ ነው ቀኑ።
በረዶ ትበሳለህ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረቱን፤
«ስድስት ጉድጓድ፣ ሁለት ሰው፤ እስቲ አሁን ድርሻህን
ንገረኝ» ትላለህ። ራይኔ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ፣
«ሦስት!» ይላል፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ፣ ጣቶቹን ቆጥሮ አይቶ።
ራይኔ ማካፈልን የያዘው ያን ቀን ነው፤
አንተ አንድም አልያዝክ፣ ክርህን ዘንግተኸው።

ደብተርህንም አገኘሁ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ለያንዳንዱ ዓሣ ማርክ፣ በቀይ የሰፈረ፦
«ጥር ዐሥራ ሁለት። ባለ ቀይ ክንፍ። ሰባት። ታግሏል፣ ግን ቸኩሏል።»
«መጋቢት ሦስት። ሃውኪ። ዘጠኝ። ክሬን በጥሶ ሄዷል።
መምህሩ ተሸንፏል።»
«ጣት የምታህል ትንሽዬ። አራት። ወድቃለች።
ክፍሉን ትድገም። ለከርሞ ትመጣለች።»
ከመንጠቆ ፈትተህ፣ በመጣችበት መልሰህ፣
እጅህን ሱሪህ ላይ ስትጠርግ፣ ለራስህ ፈገግ ብለህ፣
አየሁህ በዚያች ገጽ። ዕድሜህን አንድ ቃል ይዞታል፦
ልጁም ተማረ፣ ዓሣውም ተማረ ይባላል።

እናቴ ሌምፒ ግን ዓሣ አትወድም።
ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም።
አንተም ከደጅ ቆመህ፣ ጢምህ ላይ አመዳይ እየወረደ፣
እጅህን በሎሚ ታሻለህ፣ የተሰነጠቀ ቆዳህ እየነደደ፤
ሽታው ሳይለቅህ ደፉን አንድ ቀን አላለፍክም።
አበባ ስታመጣ አላየሁም፣ ግጥምም አልጻፍክላትም፤
እኔ ስለ ፍቅር ሰው ቢጠይቀኝ
ሎሚ ነው ትዝ የሚለኝ።

በጥቅምት ሄድክ፣ ሐይቁ ሊጠጥር አንድ ወር ሲቀረው፤
መሰርሰሪያህን ስለህ፣ ዘይት ቀብተህ ሰቅለኸው።
ቄሷ «ታርሞ፤ ባል፣ አባት፣ አስተማሪ» ብላ አነበበች፤
ቪልያ የልጅ ልጅህ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ከፊት ወንበር ተነሥታ
«ዓሣ አጥማጅም» ብላ አረመች።
ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ በፊት አልቻልኩም።

ጥር ላይ ራይኔ መጣ፣ ያ ልጅ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣
የጭነት መኪናውን ከዳር አቁሞ፣ መሰርሰሪያህን ለምኖኝ ገባበት።
ስድስት በሳ። በሦስቱ ክር ጣለ፣ ሌላውን ሦስት ተወው።
«የሱ ድርሻ ነው» አለኝ፣ ቀርቤ ስጠይቀው።
ወደ ማታ አንዲት ትንሽዬ፣ ጣት የምታህል፣ ወጣች፤
አያት፣ «አራት» አላት፣ ወደ ውኃዋ ተመለሰች።
ያንተ ሦስት ጉድጓዶች ግን፣ ብርዱ ሲጠና፣
ቀስ እያሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከደጁ መስኮት ሥር፣ ከሣሙናው አጠገብ፣ ግማሽ ሎሚ አለ፤
ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል፣ ቅርፊቱ ጠቁሯል።
እናቴ በየጠዋቱ ዙሪያውን ትወለውላለች፣
እሱን አንስታ፣ መልሳ ታስቀምጣለች።