አንድ መቶ ስምንት

ማሻገሪያው ጀልባ ሲያወርደኝ፣ ዝናቡ ቀድሞኛል፤
በደቡብ ቺሌ፣ ለሙይ ላይ፣ እንግዳን እሱ ይቀበላል።
መሰላል በትከሻ፣ የመሣሪያ ቦርሳ በእጄ፣
ዳገቱን ወጣሁት፣ ጭቃውን ለምጄ።

ዶኛ ኦቲሊያ በራቸው ላይ ጠበቁኝ፤
«እንዴት ዋልህ» ሳይሉ፣ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦
«ካሜራው ያየኛል፤ ወዲያው ይረሳኛል፤
እንደ ጃጀ ሽማግሌ ‹ማን ነሽ?› ይለኛል።»

ቤቱ አራት ዓይን አለው። ሦስቱ ጤነኞች ናቸው፤
በረቱን፣ ድንቹን፣ መንገዱን ማየት ነው ሥራቸው።
አራተኛው፣ የበሩ፣ አዲሱ፣ ውዱ፣
ሁለት ጠቦት ጠፍተው የተገዛው በግዱ፣
አሥር ደቂቃ አይቶ ይጠፋል መንገዱ።

መቅጃው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሱፍ ልብስ ጋራ፣
ያንጎራጉራል ብቻውን፣ አረንጓዴ እያበራ።

መጀመሪያ ሽቦ። ሁልጊዜ ሽቦ ነው፤
ወይ ጨው የበላው ነው፣ ወይ አይጥ የቀመሰው።
ቆረጥሁ። ስምንቱን ክር በቀለም ደረደርሁ፤
አዲስ ራስ ሰጠሁት፤ ቀጭ ሲል ተስፋ አደረግሁ።
ምስሉ መጣ፦ በሩ፣ ዝናቡ፣ ድመቷ።
ቆጠርሁ። አሥር ደቂቃ። ጠፋች ከነቤቷ።

ኃይሉን ለካሁ፤ ደህና። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት።
አጥፍቶ ማብራት ነው የሙያችን ጸሎት፤
ያን ቀን ግን አልሰመረም፣ ከንቱ ቀረ ስለት።

በመጨረሻ ካሜራውን ነቀልሁት። ከመረቡ ወጣ።
አድራሻውን ጠራሁ፦ አንድ መቶ ስምንት።
መልስ መጣ።

ካሜራው በእጄ ነው፤ ሽቦው ተንጠልጥሏል፤
ታዲያ በዚያ ቁጥር ማን «አቤት» ይለኛል?
ሁለት ሰው በአንድ ስም ከአንድ ደጅ ሲቆም፣
ደብዳቤው ይዋልላል፤ ለማንም አይደርስም።
ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ ባለፈው ወር፤
ባዶ መስሎኝ፣ ባለቤቱን ሳልመረምር።

«ሌላ ካሜራ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።
«የለም» አሉ። ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸው
ወደ ባሕሩ ዞረ። «ኤራስሞ አንድ ነገር
ጀልባ ቤቱ ላይ ሰቅሎ ነበር።
ከሞተ አራት ክረምት። እስካሁን ይሠራል ብሎ ማን ይጠረጥር!»

ሽቦውን ተከተልሁ፣ ከወለል ሥር እስከ አጥሩ፤
በየክንዱ ታስሯል በዓሣ መረብ ክሩ፤
አርባ ሁለት ቋጠሮ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣
የማይቸኩል ሰው እጅ ያለፈበት።

ከጣሪያው ጥግ አገኘሁት፣ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ፣
ሸረሪት አድሮበት፣ ዓይኑ በጨው ተሸፍኖ፤
የተሸጠች ጀልባ ቦታን ይጠብቃል፣
ማንም «ምን አየህ?» ሳይለው። ቀዩ መብራት ይነዳል።

ምስሉን በስልኬ ከፈትሁ። ጭጋግ። የማዕበል ጠርዝ።
አንድ ነጭ ወፍ፣ በአንድ እግሩ፣ በርጥብ ግንድ ላይ ሲፈዝዝ።
ልነቅለው እጄን ስዘረጋ፣ ዶኛ ከኋላዬ፣
የባላቸውን ካፖርት ለብሰው፣ «ተው» አሉኝ፣ «ልጄ።
ዓይኑን ጥረግለት፤ ግን አትንቀለው።
እሱ ቀድሞ የመጣ ነው። አዲሱን ነው
ሌላ ቁጥር ፈልገህ የምትሰጠው።»

ትክክል ናቸው። አዲሱን መቶ ዘጠኝ አልሁት።
ቁጥሮቹን በእርሳስ ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ጻፍሁት፣
ለሚቀጥለው ሰው። እኔም ብሆን ለምረሳው።

ሒሳብ ስነግራቸው ግማሹን ከፈሉኝ፤
«ግማሹ ያንተ ጥፋት ነው» አሉኝ፤
አልተከራከርሁም። አንድ ከረጢት ድንች ጨመሩልኝ።

ከበሩ ዓይን ፊት፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ቆሜ ቆጠርሁ፤
አሥረኛዋ አለፈች። ምስሉ አለ።
አሥራ አንድ ስትሞላ ወደ ጀልባው ሮጥሁ።