ጀርባ

አዘዞ ነው ነገሩ፤ የሰሊጥ መጋዘን፤
ነሐሴ፥ ዶፍ ዝናብ፥ መብራት የሄደ ቀን።
ዘበኛው እኔ ነኝ። ዱላና አንድ ባትሪ ነበረኝ፤
የባትሪው ድንጋይ አልቆ፥ ቀይ ነጥብ ብቻ ነው ያሳየኝ።
አንድ ሰው አጥር ዘለለ፤
አረንጓዴ ካፖርት፥ ከጨለማው የተቀላቀለ።
ጀርባውን አየሁ፤
ፊቱን አላየሁ።

መርማሪው ግን ቸኩሏል፤
"ያን ካፖርት ከሰፈሩ ማን ይለብሳል?"
አንድ ሰው ነበረ፤ የጋሪ ጎማ ጠጋኝ፤
ባባቱ ተዝካር ሰሞን ተወልዶ፥ እናቱ ያለችው ደርሶልኝ።
ጀርባ አይቼ ፊት ማልሁ፤
አሥራ ሰባት ዓመት ፈረዱ፤ እኔም የወሩን ደመወዝ ተቀበልሁ።

ይኸው ስድስት ዓመቱ፤
እሱ አንገረብ፥ ማረሚያ ቤት፤ ፒያሳ እኔና እናቱ።
ከተወካዩ ቢሮ፥ ሦስተኛ ፎቅ፥ ለአራተኛ ሰኞ ደጅ እንጠናለን፤
ትርንጎ፥ ጸሐፊዋ፥ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ትላለች፤ እንቀመጣለን።
ከመስኮቱ ማዶ ግንቡ ይታያል፤
ደጅ ጥናት ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም፤
ወንበሩ ነው ፕላስቲክ የሆነው።

እማዋይሽ አጠገቤ አትቀመጥም፤ በመካከል ሁለት ወንበር ትታለች፤
መንገድም ላይ ጃንጥላ ይዤ ስከተላት፥ ዝናቡን መርጣ ፊት ፊት ትሄዳለች።
"ተነስ፥ ተጠራን" ካልሆነ ቃል አትሰጠኝም፤
ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ደብተሩ እሷ ጉያ ነው፤ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር፤
ከሎዛ እስከ ማራኪ በር ለበር ተለምኖ፥ ፊርማና የአውራ ጣት ሲቆጠር፥
ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው።
"አንድ ቢጨመር የኒቅያ አባቶች ልክ ነው" ትላለች ላገኘችው ሰው።
የእኔን ስም አላስገባችም፤
"ንጹሕ ስም ነው የምፈልገው።"

ዛሬ ገባን።
"የተከበሩ" አልናቸው። ወንበር አሳዩን።
"ፍርድ ቤት ነጻ ነው፤ እጄን አላስገባም" አሉን።
"የይቅርታ ቦርድ አለ፤ ጥፋቱን ይመንና ይጠይቅ፤ ይለቀቃል።"
"ምን አጥፍቶ?" አለች እማዋይሽ። "ይቅርታ ጠያቂው እዚህ ተቀምጧል።"
በስድስት ዓመት ፊቴን ያየችው ያኔ ነው።

ቀጠለች፦
"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ፤
የእኔ ግን በቅሎ አይደለች፥ ጭብጦ አይደለች፤
በፍርድ የሄደው ልጄ።"

ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤
"ፍረዱ አላልንም፤ ይጠይቁልን ነው" አልሁ፤
"ምክር ቤት ሲገቡ እጅዎን ያውጡና፥
ሰው ባንድ ዘበኛ ዓይን፥ ባለቀ የባትሪ ድንጋይ፥
አሥራ ሰባት ዓመት ይታሰራል ወይ ይበሉና፥
ይቀመጡ።
የምርጫ ምልክትዎ ፋኖስ ነበር፤ መርጬዎታለሁ።
መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አሁንም አለ፤ ግማሹ ተልጧል፤
በየሌሊቱ አየዋለሁ።"

"በሐሰት መስክሬአለሁ ካልህ፥ አንተም ትገባለህ" አሉኝ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
"አውቃለሁ የተከበሩ። ጋቢዬ ታጥቧል፤ ስንቄም የታሰረ ነው።"

ስልካቸው ጮኸ። "አስብበታለሁ" አሉ፤ ደብተሩን ሳይነኩ ተነሡ።
ወደ መኪናው ሲወርዱ ጀርባቸውን አየሁት፤
ጥቁር ኮት፥ ትከሻው ላይ ትንሽ ኖራ የነካበት።
ይኼኛውን ጀርባ ግን፥ ከነፊቱ እምልበት።

ደረጃው ላይ እማዋይሽ ቆመች፤
ደብተሩን ገለጠች።
ከመጨረሻው ስም በታች፥ ባዶው መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ
እስክሪብቶ ሰጠችኝ።
እስክሪብቶው አልጽፍ አለ።
ተቀበለችኝ፤ በመዳፎቿ መካከል አሸችው፥ አሸችው፥
መለሰችልኝ።
"ቶሎ በል" አለች፤
"የክልሉ ተወካይ በስድስት ሰዓት ይወጣሉ።"