ጉሙን የት አደረሱት?

ደብረ ሲና፣ ሰኔ ገብቶ፣ ከጣርማ በር ሲወርድ ጉሙ፣
አይሱዙዎች በእኩለ ቀን መብራት አብርተው ሲያዘግሙ፣
የእኔ ደንበኞች በአንዲት ክፍል ጎራ ለይተው ቆሙ።

ባለካባው ሰባት መጣ።
አራት ዓመት ጠብቀነው፣ ስንት ወሬ ተወርቶለት፣
ሾፌሩ አራጋው እንዳይሰበር በገዛ ሹራቡ ጠቅልሎት።
ቤቱ ሞላ። አግዳሚው ጠበበ። መስኮቱ በትንፋሽ ላበ።
ሱራፌል፣ የበያጁ ልጅ፣ ቀድሞ ወንበር ሳበ፦

«እዩት! ተራራው እስከ ጥግ! ቅጠሉ አንድ በአንድ ይለያል፣
ፈረሱ ሲያለከልክ እንኳ የደረቱ ላብ ይታያል።»

ሙባረክ ግን ጥቂት ጋልቦ፣ ጥቂት ዞሮ፣ ቆመና
ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠና
«ጉሙን የት አደረሱት?» አለ።

ለማያውቅ ልንገር። በሦስተኛው፣ ጣታችን ባለቀበት፣
ከአምስት እርምጃ ወዲያ ሁሉም ነጭ ነው፤ ምንም አይታይበት።
ጠላት ሲመጣ ቃጭል ነበር ቀድመን በጆሮ የምንሰማው፤
ዓይኑን ያመነ ቶሎ ይሞታል፤ ጆሮውን የሰጠ ነው የሚቀናው።

«ውበት መሰለህ?» ሱራፌል ተነሳ። «ማሽኑ አቅም አንሶት እኮ ነው!
ሩቁን መሳል ሲያቅታቸው ያለፉት በነጭ ጨርቅ ሸፍነው።
ድህነት ነው የናፈቀህ፤ ድህነትን ጉም አትበለው!»

«ይሁን» አለ ሙባረክ፣ «ይሁን። የድሀ ሥራ ይሁን።
እነሱ ያልሳሉትን ግን እኔ ነበርኩ የምስለው፤ አሁን
ምን ተረፈኝ? ማየት ብቻ?»

ከዚያ ወዲህ ነገር ከረረ።
ባለባጃጁ የኔነህ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ መንትዮቹም ለሰባት ቆሙ፤
የማታ ተማሪዎቹ ለሦስት፣ ላለፈው ለጉሙ።
ኢክራም ደግሞ ቆሎዋን ለአውቶብስ ሸጣ፣ ሳንቲሟን ቆጥራ ስትገባ፣
«ጉሙም ይሂድ፣ ተራራውም፤ ቀይ አልነበረም እንዴ ካባ?
ማን ነው አመድ የቀባው?» ብላ ሦስተኛ ወገን ሆነች፣
ብቻዋን አንድ አግዳሚ ያዘች።

ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ጠፋ።
አንዱ ሲሞት አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሲረታ አንዱ ያዛጋል።
እኔ ምን ቸገረኝ? ከየወገኑ በጨዋታ አሥር ብር ይገባል።

ግን እውነቱን ካወጣሁት፣
አንድ ሌሊት በሩን ዘግቼ ሰባትን ብቻዬን ከፈትሁት።
የድሮው ኮረብታ አለ። ያው ኮረብታ፣ ያው የተሰነጠቀ ድንጋይ፣
ታላቄ ደምመላሽ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ጣቱን ቀስሮ ጉሙ ላይ፣
«ከዚህ ወዲያ ባሕር አለ» ያለኝ ቦታ።
«ዝም ብለህ ስማ፤ ማዕበሉ ይሰማሃል» ብሎኝ፣
ምዬ ነው የምነግራችሁ፣ ሰምቼው ነበር።

ወጣሁ። ጉም የለም። ቁልጭ ያለ ሰማይ።
ከኮረብታው ማዶ አጥር አለ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ዓይነት ዛፍ፣
እንደ ማኅተም እየተመታ፣ ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ።

ኮምቦልቻ ደወልኩለት። ጎማ ነው አሁን የሚሸጠው።
«ደሜ፣ ባሕሩ የለም» አልኩት።
ዝም አለ። ከወዲያ ልጅ ያለቅሳል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።
«ተሳስተዋል» አለኝ ቆይቶ። «ባሕር ነበር። ንገራቸው።»
ለማን ልንገር?

ጠዋት የቆርቆሮውን በር ስገፋው ጉሙ ደፉ ላይ ተኝቷል፤
መንገዱ የለም፣ ባንኩ የለም፣ መናኸሪያውም ተውጧል።
ሰው አይታይም። ድምፅ ብቻ፣ እየተጯጯኸ፣ እየቀረበ፣
«ሰባት!» «ሦስት!» «አይ፣ ካባ!»
ሳላያቸው፣ አንድ በአንድ፣ ለየኋቸው።
በሩን ክፍት ተውኩት፤ ጉሙም አብሯቸው ገባ።