የሥር ከሳሽ

ከአቃቂ ችሎት አጥር፣ ከሰማያዊ ሸራ ሥር
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አንዱን ገጽ በሃምሳ ብር።
ታይፔ አርጅታለች፤ "ሥ" የምትለዋ ፊደል
ከረገፈች ሁለት ክረምት። ጥርስ እንዳጣ ድድ ይመስል
ቦታዋን ክፍት ትቼ አልፋለሁ፣
ኋላ በቢክ እሞላለሁ።

ስንቴ እንደምትመላለስ ያወቅሁት ያኔ ነው።
ያለ ሥር አንድ መስመር አይሄድም ፍርድ ቤት፦
ሥረ ነገር፣ የሥር መዝገብ፣ የሥር ዳኛ፣
በሞግዚት ሥር ያለ ልጅ፣ በዕዳ ሥር የተኛ፣
ሥርዓት እንኳ ሳትዛመዳት በፊደሏ ተጠግታ።
የአፈር ልጅ ነበረች እኮ፤
ማን አለበሳት ካባ?

ወይዘሮ አስካለ ቱፋ መጣች ዛሬ በማለዳ
ከቱሉ ዲምቱ በታች፣ ከዋልካው ሜዳ።
ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፤ በፌስታል ቀይ ሥር ይዛለች፤
"ከብሩ የጎደለው በዚህ ይሞላ" አለች።

"ጎረቤቴን ሽብሩን ክሰስልኝ።"
"ምን አደረገሽ?"
"ባሕር ዛፉ ባጥሬ ሥር ሥሩን ልኮ
ጉድጓዴን ጠጣው። ባልዲው የሚያወጣው ጠጠር ነው እኮ።"
"እሺ። ይቆረጥልኝ ልበል?"
"ማን ቁረጥ አለህ!" ተቆጣች።
"የተከለው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።
መሬቱን ከፍለን ስንሸጥ ግንዱ በሽብሩ በኩል ቀረ፤
ሥሩ ግን ጌታውን አልረሳም፣ ወደኔ ዞረ።
ግንዱን ይውሰድ።
ሥሩ የኔ ነው ብለህ ጻፍ።"

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ።
የሕግ ቁጥር አሰብኩ፤ ሠላሳ ዓመት የመታሁት
ሁሉ አንድም አልመጣልኝ።
የእጄን ጀርባ አየሁት፤ የደም ሥሩ አብጧል፣ ተጠማዟል፣
እሱም የሆነ ቦታ ውሃ የሚፈልግ ይመስላል።

ሴትየዋን አውቃታለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት
እዚሁ በርጩማ ላይ፣ ላብ የነካው ወረቀት
ይዛ፣ "አንብብልኝ" አለች።
"ልጅዎ በቁጥጥር ሥር ውሏል" ይላል፣ አልኳት።
"ከምን ሥር?"
"ከቁጥጥር።"
ዝም አለች። ደግሞ፦
"ጥላ አለው?
ልጄ እኮ ፀሐይ አይችልም፣ ነስር አለበት።"
የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም፣
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳልስቅ አልቀረሁም።
በማግስቱ ሳልፍ
ከጣቢያው በር ቆማ ነበር፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ሳትዘረጋው።

"ልጅሽስ?" አልኳት አሁን።
"ወጥቷል። ረዳት ሆኗል በከባድ መኪና፤
ጅቡቲ ያድራል፣ ሚሌ ያድራል፣
ሥር አልያዘም ገና።"

ጻፍኩላት፣ እንዳለችኝ። ከዚያ ነገሩን ላስረዳት ብዬ፦
"ይሄን መዝገብ አይቀበሉሽም ይሆናል፤ አይክፋሽ።
ይግባኝ ትያለሽ። ያኔ ስምሽ ይረዝማል፣
'ይግባኝ ባይ፣ የሥር ከሳሽ' ተብለሽ ትጻፊያለሽ።"
"የሥር ከሳሽ?" ከበርጩማው ተነሳች።
"ሥሩንማ አልከስም! ሥሩ ምን አጠፋ?
ለኔ ብሎ በጨለማ ያን ሁሉ መንገድ የለፋ!"

እኔ ምን ልበል? ሕጉ ነው አልኩ። ሕጉን ንቃ ተቀመጠች።
ገጹን ከታይፑ መዝዤ ስሰጣት
ማንበብ ባታውቅም ጣቷን በየባዶው ሰካች።
"ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ምንድነው?"
"ሥር የሚገባበት።"
"አሥራ አንድ" አለች ቆጥራ፤ "እንዳይደርቅብህ።"

ቢኬን አንስቼ ከላይ ጀመርኩ፤ አንዷን ሞላሁ፣ ሌላዋን።
ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ እርጥብ፤
ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ሲያልፍ ሸራው ተርገበገበ።
መጨረሻዋ ላይ ስደርስ፣ ገጹን ገልጬ ባየው፣
የመጀመሪያዋ "ሥ" ሰርጋ
ከሥር ባለው ማመልከቻ፣ በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ
ወጥታለች።